ጳጉሜ ሦስት፣ በዓታ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ አብሮ አደጌ አራተኛ ፎቅ ነበርን። አብረን ኮምፒውተር ተማርን፣ አብረን ተመረቅን። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ የተቀረቀረ ወረቀት ከፕሪንተር ስጎትት፣ እሱ ለተክለ ሃይማኖት ነጋዴዎች የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቶ በፍላሽ እየዞረ መጫን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መኪና ገዛ። ጠዋት በመስኮት ሳያት ቁርሴ አይወርድልኝም። እናቴ ደግሞ "ያ ልጅ እናቱን አኮራ!" ትላለች። የምታመሰግነው እሱን ነው፣ የምትወጋው እኔን።

አንድ ቀን ጃንጥላ ልገዛ ተክለ ሃይማኖት አንድ ሱቅ ገባሁ። ዕለቱ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ባለሱቋ የሱን ፕሮግራም ከፍታ ዱቤ ትመዘግባለች። እዚያ ሰፈር ዱቤ የሚቀጠረው "ለሚካኤል"፣ "ለማርያም" እየተባለ ስለሆነ ፕሮግራሙ ከቀኑ አጠገብ በዓሉን ያሳያል። አየሁት፦ ጳጉሜ 3፣ በዓታ።

ያ ስሕተት የኔ ነው። እንደተመረቅሁ የኢትዮጵያን ቀን ከነበዓሉ የሚያወጣ ኮድ ጽፌ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቅቄው ነበር። በየወሩ ሦስተኛው ቀን በዓታ ነው ብዬ ስጽፍ፣ ጳጉሜ የራሷ ሩፋኤል እንዳላት ዘነጋሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከኔ ሌላ ማን ይሠራል?

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። ኮዱን ስለቀው ፈቃድ አያይዤበታለሁ። ውሰዱት፣ ሽጡትም ይላል፤ ነገር ግን ማሽን ብቻ የሚያነበውን የተጠናቀቀ ፕሮግራም ለሌላ የሚያድል ሰው የጸሐፊውን ስምና ፈቃዱን፣ ሰው የሚያነበውን ሶርስ ኮድም አብሮ መስጠት አለበት። ከጎረቤት እርሾ የወሰደች ሴት በተራዋ ለጠየቃት እንደማትከለክለው ማለት ነው።

እሱ ግን ስሜን እንደቀበረው አልተጠራጠርኩም። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር!" አልኩ። ጃንጥላውን ሳልገዛ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ "ሌባ" የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ እያላመጥኳት መጣሁ። መኪናዋን በልቤ ሸጥኳት።

ግቢያችን ስደርስ ልጆች የሩፋኤልን ዝናብ እየጮኹ ይጠመቃሉ። እሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል።

"ጀለሴ፣ ረጠብክ እኮ! ግባ፣ ግባ።"

ገባሁ። መቀመጫው ለስላሳ መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

"ኮዴን ሰርቀህ ትሸጣለህ" አልኩት።

ላፕቶፑን ከኋላ ወንበር አንሥቶ ፕሮግራሙን ከፈተና "ስለ ፕሮግራሙ" የምትለዋን ነካ። ስሜ ከነአባቴ ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ ፈቃዴ፣ አንድ መስመር ሳይጎድልበት።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ "ሶርስ ኮዱስ?" አልኩ።

"እያንዳንዱ ፍላሽ ውስጥ አለ፤ የኔም ጭምር። ፈቃድህ ያስገድዳል አይደል እንዴ? ከፍቶ የሚያየው ነጋዴ ግን የለም።" ቀጥሎ ሳቀ። "የሩፋኤልን ስሕተት አይተህ ነው አይደል የመጣኸው? አንዲት ባለሱቅ የታረመውን አታስገባብኝ ብላ እምቢ አለችኝ። እኔ እኮ አርሜ ዓምና ኮዱን የለቀቅክበት ገጽ ላይ ልኬልሃለሁ። አልመለስክልኝም።"

"ሥራ በዝቶብኝ" አልኩ። ወርጄ እየረጠብኩ ወደ ቤት ወጣሁ።

ኮዱን ከለቀቅሁ ወዲህ ያንን ገጽ ከፍቼው አላውቅም ነበር። እርማቱ እዚያው ተቀምጧል፤ "ወንድሜ፣ ብትስማማበት" የሚል ማስታወሻም አለበት። ስሕተት ልፈልግበት ደጋግሜ አነበብኩት። ከኔ ያጠረ፣ ከኔ የጠራ ነው። መቀበል ነበረብኝ፤ የተቀበልኩት እርማት ደግሞ ከነባለቤቱ ስም ነው የሚገባው። በዓለም ላይ የኔ ብቻ በነበረው በዚያ አንድ ነገር ላይ፣ ከስሜ ሥር የሱን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ምነው በሰረቀኝ!