ለጉንዳኑ ሰውዬ የተዘፈነው

ራዊንያ ከታላቅ እኅቷ ከሜሬአና ጀርባ ቆማ ስትዘፍን ነው ያረጀችው። በዋንጋኑይ ወንዝ ዳር፣ ዘፈን ያልተከተለው ንግግር ራቁቱን እንደ ወጣ ሰው ይቆጠራል፤ ተናጋሪው ሲጨርስ ወገኖቹ ብድግ ብለው በዜማ ያለብሱታል። አውራጇ ሜሬአና፣ ተቀባይዋ ራዊንያ። በምትሠራበት ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ግን ሁሌም አውራጅ እሷ ናት፤ አንሶላ አያጨበጭብም፣ አያማም።

ዘንድሮ ሜሬአና ጉሮሮዋን ታመመች። የወንድማቸው ልጅ ታዌራ ደግሞ የተመረጡ ሰዎች ስለ ሳይንስ፣ ስለ ኑሮና ስለ ኪነ ጥበብ በሚናገሩበት የከተማው ጉባኤ ተጠራ። የሚናገረው ስለ ወንዛቸው ዓሣ ነው፤ እንደ እባብ ረዝሞ፣ አርጅቶ፣ ለመውለድና ለመሞት እስከ ሩቁ ሞቃት ባሕር ስለሚዋኘው።

«አክስቴ፣ ስጨርስ የአያቶቻችንን ዘፈን አንቺ ታነሺልኛለሽ። አደራ!»

«እኔ? በስተርጅና ልታዋርደኝ ነው?» አለች ራዊንያ። አፏ እንጂ ልቧ እምቢ አላለም። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት አገጯን ቀና አድርጋ፣ በሐሳቧ አዳራሹን ስታስለቅስ ሰነበተች።

በዕለቱ ዘመድ አንድ ረድፍ ሞልቶ ተቀመጠ። ከታዌራ በፊት ከባሕር ማዶ፣ ከፐርዝ የመጣ የጉንዳን ተመራማሪ ወጣ። ላቡን እየጠረገ፣ ጉንዳን የቆሰለ ወንድሙን እንዴት እንደሚሸከም ተናግሮ ጨረሰ። ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። ከኋላው ብድግ ያለለት አንድም ሰው የለም።

«ወገን የለውም እንዴ ይህ ልጅ?» አለች ራዊንያ በልቧ። ባሕር አቋርጦ መጥቶ እንዲህ ራቁቱን ይመለስ? ሳታስበው ቆማ ተገኘች፤ የአያቶች ዘፈን ከጉሮሮዋ ወጣ። ዘመዶቿ ደንግጠው ተነሡና ተቀበሏት። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ራዊንያም አለቀሰች፤ በገዛ ድምፅዋ ተነክታ።

ስትቀመጥ ሜሬአና በተዘጋ ድምፅ ጆሮዋ ሥር ገባች።

«አበጀሽ! የልጁን ለጉንዳን ሰጠሽው!»

«እንደገና ብንዘፍነውስ?»

«የተበላበት ሳህን ለእንግዳ ይቀርባል?»

ታዌራ ወጥቶ ተናገረ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ አሉ፤ እሷ አልሰማችም። ዕድሜዋን ተቀባይ ሆና ኖራ፣ የዘፈን ሁሉ መነሻው ጠፍቶባት ጭንቅላቷን ትበረብራለች። ልጁ ጨረሰና ወደ ወገኖቹ ተመለከተ። ተነሣች። የወጣው ግን አንሶላ ስታጥብ ራሷ የገጠመችው ነበር፦

ወንዙ ቁልቁል ሄደ ባሕሩን ናፍቆ፣
እኔም መጣሁ ላንተ ልቤ ከኔ ርቆ።

ማንም አያውቀውም። ለዓሣ የፍቅር ዘፈን የምታንጎራጉር ብቸኛ አሮጊት! ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ቢሆንም አላቆመችም። ያን ጊዜ ሜሬአና ከጎኗ ቆመች። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ቃሉን ስለማያውቁት አፋቸውን እንደ ዓሣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ግን ቆመዋል። ታዌራ ሳቁን በከንፈሩ ነክሶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ እስኪያልቅ ካለበት አልተነቃነቀም።

በኋላ ሻይ ሲጠጡ ተጠጋት።

«አክስቴ፣ ዘፈኑ ለማን ነበር?»

«ላንተ ነዋ! ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።»

«ልብሽ የራቀው በኔ ነው?»

«ተዋት አንተ» አለች ሜሬአና ድምፅዋ እየሻከራት። «ይልቅ አንቺ፣ ለከርሞም የምታነሺው አንቺው ነሽ። ግጥሙን ቀደም ብለሽ አስጠኚን፤ ዳግመኛ አፋችንን ከፍተን አንቁም።»

ራዊንያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ግጥሙ ያው ሁለት ስንኝ ብቻ እንደሆነ፣ እሱኑ ስትደጋግም እንደ ቆየች እንዳይወጣባት አፏን በብስኩት ሞላችው።