ቀዳዳ የሌለው ባልዲ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ እስራኤል፣ ካርሜ ጋት የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት የገባችው ጓደኛዬ ሲሳይነሽ ፎቶ ላከችልኝ። እኔ በሰጠኋት ዘር የበቀለ የሐበሻ ጎመን ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። «ባልዲው ቀዳዳ አለው?» ብዬ ጻፍኩላት። «በረንዳው እንዳይቆሽሽ ደፈንኩት» አለች። ብቻዬን ሳቅሁ።

የእኔው ባልዲ ነገር የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ነው። አክስቴ ከጎንደር ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት የጎመን ዘር ቋጥራ አመጣች። ዘሩ አርጅቷል፤ ዘንድሮ ካልተዘራ ለከርሞ አይበቅልም አለችን። ዓመቱ ደግሞ ሽሚታ ነበር፣ ምድር የምታርፍበት፣ የማይዘራበት ሰባተኛው ዓመት። አባቴ በሃይማኖት ነገር ቀልድ አያውቁም። ወደ አይሁድነት ከተመለስን ወዲህ ሰው ሁሉ «እውነት አይሁድ ናቸው?» እያለ ሲያየን ስለኖረ፣ ትንሿን ሕግ እንኳ ከማንም አብልጠው ይጠብቃሉ። ሄደው ረቢውን ጠየቁ። ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያ በታች፣ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ከሆነ ይቻላል ተባሉ።

ከሚሠሩበት ፋብሪካ የወይራ ፍሬ የነበረበት ባዶ ባልዲ አመጡልኝ። ባጥበው ባጥበው የጨው ሽታው አልለቅ አለ። ከዘሩ ግማሹን ዘራሁ። በቀለ፣ ጣት አከለ፣ ከዚያ ሥሩ በስብሶ ወደቀ። ውሃው መውጫ የለውማ። ሚስማር በጉጠት ይዤ ምድጃ ላይ አግዬ ባልዲውን ልበሳ ስል አባቴ ደረሱ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልበሳው ነው፣ አባ። ጎመኑ እየሰጠመ ነው።»

«ከተበሳ ከመሬት ጋር እንደተያያዘ ይቆጠራል።»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን እኮ። መሬቱን በመስኮት ካልሆነ አያዩትም።»

ሊስቁ ብለው ተዉት። «ሕጉ ፎቅ አይቆጥርም» አሉና ጉጠቱን ቀምተውኝ ሚስማሩን ማጠቢያው ውስጥ ጣሉት። ቸስ አለ።

ተናደድኩ። ወዲያው ግን እልህ ያዘኝ፤ የቀረው ዘር የመጨረሻው ነው። ከባልዲው ሥር ጠጠር አነጠፍኩ። ቁራጭ የውሃ ቱቦ እስከ ጠጠሩ አቁሜ ዙሪያውን አፈር ሞላሁና ዘራሁ። በቱቦው እንጨት እየሰደድኩ አያለሁ፤ ውሃ ካቆረ ቀጭን ላስቲክ በሰካሁበት ሲሪንጅ እመጠዋለሁ። ፀሐይ ጠዋት በወጥ ቤቱ፣ ከሰዓት በሳሎኑ መስኮት ነው የምትገባው። ስለዚህ ባልዲውን አሮጌ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ እየተከተልኳት እጎትታለሁ። ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ያጠናሁት እየጎተትኩ ነው። ጎረቤታችን እማማ ወርቄ «አርፋ የማትቀመጥ ልጅ፣ ጎመኑንም እንደሷ አደረገችው» እያሉ ሕንፃውን ሁሉ አሳቁብኝ።

ጎመኑ ግን በረታ። ቅጠሉ መዳፌን ሲያልፍ አባቴ ከሥራ ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ያዩት ጀመር።

«ለሰንበት ትንሽ አይቀነጠስም?» አሉኝ አንድ ኀሙስ።

«አይቀነጠስም፣ አባ። ዘር ነው የምፈልገው።»

ቢጫ አበባ አወጣ። ንብ እንድትገባለት መስኮቱን ከፍቼ እኔን ትንኝ በላኝ። ፍሬው ሲደርቅ መዳፌ ላይ ፈለፈልኩት፤ አክስቴ ካመጣችው እጅግ ይበልጣል።

ሽሚታው አልቆ የአዲስ ዓመቱ በዓል ካለፈ በኋላ አባቴ ወጥ ቤት ጠሩኝ። ሚስማሩ ምድጃው ላይ ቀልቷል። ጉጠቱን አቀበሉኝ።

«አሁን ብሺው» አሉ። ደግሞ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ያለሱም ችለሻል» አሉ። አባቴ ሰው አያመሰግኑም። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

ሲሳይነሽን «ብሺው» አልኳት።

«አንቺ ያለ ቀዳዳ አብቅለሽ የለ?» ብላ መለሰች።

አዎ፣ አብቅያለሁ። በኛ ሕንፃ ጎመን ያለበት ቤት ሁሉ ዘሩ ከዚያ ባልዲ የወጣ ነው። ግን ያ ሥራ እንደ እኔ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ቁጭ ማለት ትወዳለች። ሰባተኛው ዓመት ዞሮ ሲመጣ ቱቦው እንዴት እንደሚቆም አሳያታለሁ። እስከዚያው ትብሳው።