ጾሜ የሸፈነልኝ ቅቤ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም አያውቁትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ሪያድ፣ ባዲዓ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት የሴቶች ኮሌጅ አስተማሪ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ዶክቶራ ነው የምንላት። ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ደግሞ ቤት ታጸዳለች፣ ገበታ ታቀርባለች። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤተሰቡ ምግብ ውስጥ ቅቤ የምትጨምረው እሷ ናት፤ የእኔን ድስት ለብቻው ታስቀምጥልኝና "እማማ፣ ቅቤ አልነካውም፤ ይብሉ" ትለኝ ነበር።

ዶክቶራ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውላ ነው የምትመጣው። ሐኪም ጉበትሽ ላይ ስብ አለ አላት። ኮሌጃቸው ውስጥ ደግሞ በባዶ እግር የሚቆሙበት፣ ስብና ጡንቻን ለይቶ የሚናገር ሚዛን ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅቤ ለባሏና ለልጆቿ ብቻ ሆነ። ለእሷ ምስር ሾርባና ቅጠል፣ ኸላስ፣ በቃ።

እኔ አላመንኩም። ሚዛን ስብን ከሥጋ እንዴት ይለያል? የሰው ጉበትስ ማን ገልጦ አየ? ባልደረቦቿ ቀንተው ሊያከሷት መሰለኝ። እኔ ባደግሁበት አገር "ወፈርሽ" ማለት ምርቃት ነው፤ የሚያስደነግጠው "ከሳሽ" መባል ነው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም መካከል ሾርባዋ ውስጥ ቅቤ ጨመርኩ። እኔ ጨመርኩ። ሎሚና ከሙን አብዝቼ ሸፈንኩት። "ዛሬስ እጅሽ ይባረክ!" አለችኝ። በማግስቱም ጨመርኩ።

ሚዛኑ ግን አልተሸወደም። አንድ ቀን ዶክቶራ አባያዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች።

"ስቤ ጨምሯል! ማን ነው ምግቤ ውስጥ ቅቤ የሚከተው?"

ዘይነባ ሳቀች። "ዶክቶራ፣ ከነአባያሽ መዝኖሽ እንዳይሆን?"

ዶክቶራ አልሳቀችም። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጣቷን ወደ ዘይነባ ቀሰረች። "እሷ ጾመኛ ናት፣ ቅቤ አትነካም። ገበታ የምታቀርቢልኝ አንቺ ነሽ። ያላ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ!"

"ወላሂ እኔ አይደለሁም!" ደጋግማ ማለች። እኔን እያየች ማለች።

እኔ ዝም አልኩ። ሴቶች ሲጣሉ "እማማ ይፍረዱ" ተብዬ የምጠራው እኔ፣ ለማንም አላዳላም የምለው እኔ፣ ዝም አልኩ። ምን ፈራሁ? በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል ብዬ ነው? እሷስ? ለእናቷ ቤት ግድግዳ አቁማ ጣራው ነበር የቀራት። ጣራውን ሳታለብስ አገሯ ተመለሰች።

የሄደች ዕለት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ወጥ ቤት ድረስ መጣች።

"እማማ፣ ድስትዎን አጥቤልዎታለሁ" አለችኝ። "ቅቤ አልነካውም።"

ታውቅ ነበር? መሰናበቷ ነበር ወይስ ፍርዷ? ያን ቃል እስከ ዛሬ አገላብጠዋለሁ። አንዳንዴ ታውቃለች እላለሁ፤ አንዳንዴ የዋህ ነበረች እላለሁ፤ የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

እሷ ከሄደች በኋላ ፈርቼ ቅቤውን ተውኩት። የዶክቶራ ስብ ቀነሰ። ደስ ብሏት መጣችና "አየሽ? እሷ ነበረች" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

ለቅቤው ሰበብ አላጣም፤ አላወቅሁም፣ አዝኜላት ነው እላለሁ። ለዚያ "አዎ" ግን ምን እላለሁ? ጾሙንም እስከ ፋሲካ ጨረስኩት፣ ዘይነባ ባጠበችልኝ ድስት እየበላሁ። እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእሷ ነው።