ተመለሺና ተኚ

በቀደም ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር ስብከት ከፍቶ ነበር። ሰባኪው ትንፋሽ የማይወስድ ሰው ነው። ብላቴናው ሳሙኤል በመቅደስ ተኝቶ ሳለ እግዚአብሔር በስሙ ሲጠራው፣ እሱ ግን ካህኑ ዔሊ የጠራው መስሎት እየተነሣ ሲሮጥ፣ ይህንኑ ይዘረዝርና “እናንተስ ስትጠሩ ትሰማላችሁ?” እያለ በየመታጠፊያው ይጠይቀናል። መኪናው የዘቢዳርን ተራራ መውጣት ሲጀምር ጆሯችን ስለተደፈነ እንኳን የእግዚአብሔርን፣ የረዳቱንም ድምፅ በቅጡ አልሰማንም።

አጠገቤ የተቀመጠችው የመስቃን ነጋዴ ናት። ዘሀራ እባላለሁ ብላኛለች። በእግሮቿ መካከል የበርበሬ ማዳበሪያ ይዛ ተሳፋሪውን ሁሉ ታስነጥሳለች፤ ባስነጠስን ቁጥር ይቅርታ ትጠይቃለች። ስብከቱ የሃይማኖቷ ባይሆንም ከሁላችንም በላይ ያዳመጠችው እሷ ነበረች። ሰባኪው ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር አለች።

“እማማ፣ እናትየዋስ?”

“የቷ እናት?”

“የልጁ እናት። ልጇን ሰጥታ ከሄደች በኋላ ምን ሆነች? ሰውየው ስለሷ ምንም አላለም እኮ።”

እውነቷን ነው፤ ምንም አላለም። እኔም እድሜ ልኬን ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው ስለ እናትየዋ ነው። አንዲት እንዲህ ያለች እናት አውቃለሁ አልኳትና ተራራውን ወጥተን እስክንወርድ አወራሁላት።

እኔ የስለት ልጅ ነኝ። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። ቤታችን ከእምድብር ወጣ ብሎ፣ እንሰት ከከበበው መንደር ውስጥ ነበር፤ እሁድ እሁድ ሴቶቹ ወደ ካቶሊክ ሚሲዮኑ ሲሄዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ከቅዳሴ በኋላ ታሪክ ይነግራቸዋል። አንድ እሁድ የሐናን ነገራቸው። መካን የነበረችው ሐና በመቅደስ አልቅሳ፣ ልጅ ብትሰጠኝ መልሼ ለአንተው እሰጥሃለሁ ብላ እንደተሳለች፣ ሳሙኤልን ወልዳ ጡት ሲጥል ወስዳ ለዔሊ እንዳስረከበችው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የሰማችውን ግን አትረሳም። እሷ ያን ታሪክ የሰማችው እንደ ታሪክ አልነበረም፤ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ እንደሚሰማው ነበር። ሐና እንዳለቀሰችው አለቀሰች፣ ሐና እንደተሳለችው ተሳለች። ከዚያ እኔ ተወለድኩ፤ አልሞትኩምም።

የስለት ልጅ መሆን ለሰሚው ያስቀናል። እኛ ዘንድ አደራ ከባድ ነገር ነው፤ የሰው ዕቃ በአደራ የያዘ ሰው ከራሱ ዕቃ ይልቅ እሱን ይጠብቃል። እኔም የእግዚአብሔር አደራ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ወንድሞቼ ሲያጠፉ አርጩሜ አለ፤ እኔን ግን ማንም አይነካኝም። እንሰት ሲፋቅ እጄ እንዳይላጥ ዞር በይ እባላለሁ። ውኃ አልቀዳም፣ እንጨት አልሸከምም። አንድ ጊዜ ሙሉ የውኃ እንስራ ሰበርኩ፤ እናቴ እንግዳ በሚናገሩበት ድምፅ “ምንም አይደል፣ ደህና ነሽ?” አለችኝ። ያን ቀን ወንድሜ በመሳቁ ተመታ። እኔ ደግሞ ከጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። በገዛ ቤቴ እንግዳ መሆኔ ያንገበግበኝ ነበር።

ሐና ልጇን የወሰደችው ጡት ሲጥል ነው። የእኔ ጡት መጣል ግን አላልቅ አለ። መጀመሪያ ጥርሷን ትንቀል ተባለ። ጥርሴን ነቀልኩ። ፊደል ትቁጠር፣ ቆጠርኩ። ስድስተኛን ትለፍ፣ አለፍኩ። አባቴ አዲስ አበባ ጨርቅ ይነግድ ነበርና በዓመት አንዴ ለመስቀል ሲመጣ፣ የጎመን ክትፎው ቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ እንደጎረሰ “ዘንድሮስ?” ይላታል። እሷም ሰበብ አታጣም፤ አንዴ ብርዱ ነው፣ አንዴ ጫማ የላትም ነው። አባቴ አይሟገታትም። እንዳሻሽ አድርጊ ብሎ ወደ ክትፎው ይመለሳል።

በዚህ መካከል እኔ አገና ገበያ ላይ ልቤን ጣልኩ። አክስቴ ቅቤ ትሸጥ ነበር፤ አጠገቧ ተቀመጪ ብቻ ተብዬ እሄዳለሁ። ሰው ሲከራከር፣ የሄደ መስሎ ሲመለስ፣ ቅቤውን በጣቱ ነክቶ ፊቱን ሲያኮሳትርና ልቡ ሲከጅል ማየት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ቀስ በቀስ መሸጥ ጀመርኩ፤ አክስቴም ከእኔ ጋር ሲሆን ቶሎ ጨርሳ እንደምትገባ አስተዋለች። ለእናቴ አልነገረቻትም። የስለት ልጅ ገበያ መሐል ቆማ “አልወርድም!” እያለች ስትጮህ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ጎረምሶች ማየት በጀመሩኝ ዓመት ክረምት ላይ ታናሽ ወንድሜ ታመመ። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ሰነበተ፤ እናቴ ከአጠገቡ አልተነሣችም። ኋላ ዳነ። እሷ ግን የአደራው ባለቤት ዕቃውን ጠየቀ ብላ ቆረጠች። መስቀል እንዳለፈ፣ አባቴ ገና ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ፣ ጉዞ ሆነ። ሐና ወደ መቅደስ ስትሄድ ወይፈን፣ ዱቄትና የወይን ጠጅ ይዛ ነበር። እናቴ በዱቄቱ ፋንታ በኮባ የታሸገ ቆጮ፣ በወይን ጠጁ ፋንታ ማር ያዘች። ወይፈኑን ለመስቀል በልተነው ስለነበር በእሱ ቦታ አንድ ቅል ቅቤ ተተካ። ያን ሁሉ እሷ ተሸክማ፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ ተከተልኳት። መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፤ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ፈክቷል፣ ከየቤቱም የተነጠረ ቅቤ ይሸታል። ያላማረው የእኔ ልብ ብቻ ነበር።

የሚሲዮኑ እህቶች አለቃ ሲስተር ማርታ ይባላሉ። የዚያው የቸሃ ሰው ናቸው፤ ከእናቴ ጋር የተነጋገሩትም በጉራግኛ ነው፣ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የማመጣው። ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ፤ ሲያዳምጡ መነጽሩን አውልቀው በቀሚሳቸው ይወለውሉታል። እናቴ ሐና ለዔሊ የተናገረችውን ቃል እንደ ውዳሴ በቃሏ አጥንታ ነበርና ከዳር እስከ ዳር አለችው። ሲስተር ማርታ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

“ሐና እንዳንቺ ብትዘገይ ኖሮ ሳሙኤል ፂሙን አንዠርግጎ ነበር የሚደርሰው” አሏት። እናቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞሩና “አንቺስ፣ ተጠርተሻል?” አሉኝ።

አልተጠራሁም ብል ወንድሜን የምገድለው መሰለኝ። ተጠርቻለሁ ብል መዋሸቴ ነው፤ አገና ገበያም ቀረ ማለት ነው። “አላውቅም” አልኩ።

“ሳሙኤልም አላወቀም ነበር” አሉ። እናቱ ማምጣቷ አንድ ነገር፣ እሱ መጠራቱ ሌላ ነገር እንደሆነ፣ በመካከሉ ልጁ የመቅደሱን ደጅ እየከፈተ ብዙ እንደኖረ ነገሯት። ትቆይና እንይ፣ አንቺም በሚቀጥለው ገበያ ቀን ተመለሺ ብለው አሰናበቷት። እናቴ ባዶ እጇን ስትሄድ አየኋት። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ነበር።

ሚሲዮኑ ክፉ ቦታ አልነበረም። አልጋው አንሶላ አለው፣ ደወሉ በሰዓቱ ይደወላል፣ ሾርባው ግን ጨው አያውቅም። እኔ ፍርሃቴ ሌላ ነው፤ መጠራት። በእኛ መንደር ማን እንደጠራህ ሳታውቅ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም፤ ምን እንደሆነ አይታወቅማ። እንደ ሳሙኤል ዘልዬ ላልነሣ ወስኜ፣ ጆሮዬን እስከ ላይ ተከናንቤ ተኛሁ። ምንም አልመጣም። በማግስቱም ምንም።

ቀን ቀን ሲስተር ማርታን እከተላለሁ። ሽንኩርት ልንገዛ የወጣን ዕለት ሻጩ የነገራቸውን ዋጋ እሺ ብለው ሊከፍሉ ሲሉ አላስቻለኝም፤ መሐል ገብቼ ተከራከርኩ። ትተን ሄድን፣ ሻጩ ጠራን፣ ተመለስን። እሳቸው መነጽራቸውን እየወለወሉ ዳር ቆመው ያያሉ። ተመልሰን ድንች ልንልጥ ስንቀመጥ ድንገት ጠየቁኝ።

“ከዚያ ታሪክ ውስጥ ማንን ትወጃለሽ?”

“ሐናን” አልኩ።

“እኔ ዔሊን ነው የምወደው።”

ገረመኝ። ዔሊን ማንም አይወደውም፤ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹን መቅጣት ያቃተው ሽማግሌ ነው። ሲስተር ማርታ ድንቹን እየላጡ ቀስ ብለው አስረዱኝ። እስቲ አስቢው አሉኝ፤ ያዘዙትን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፊትሽ ቆሞ ‘ጠራሽኝ፣ መጣሁ’ ይልሻል። አዎ ጠርቼሃለሁ፣ ውኃ አምጣልኝ ማለት ምን ያህል ይቀል ነበር! ሽማግሌው ግን እንዲያ አላለም።

“አልጠራሁህም፣ ተመለስና ተኛ አለው። ስንት ሰው መሰለሽ፣ እግዚአብሔር ሳይጠራው ሰው የጠራው? እኔ አባቴ እምቢ እያለኝ፣ እየተቆጣኝ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።” ከዚያ ቢላውን አስቀመጡና “ሰማሽ እንዴ የሆነ ነገር?” አሉኝ።

“አልሰማሁም።”

“እኔም አልጠራሁሽም። ተመለሺና ተኚ።”

ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ድንጋይ የተነሣልኝ ያን ጊዜ ነው። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። ወዲያው ግን ወንድሜ ትዝ አለኝ። እናቴስ? እናቴን ማን ያሳምናታል?

በገበያው ቀን እናቴ መጣች። ሐና ለልጇ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ትወስድለት እንደነበር ሰምታለችና ሹራብ ገዝታ በክንዷ ይዛለች። ሲስተር ማርታ ልጅሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ ሲሏት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ተለዋወጠ።

“አልፈለጋትም ማለት ነው?” አለች። “ምን ጎደላት?”

ይህን ሁሉ ዓመት እኔን ላለመስጠት ሰበብ ስትፈልግ የኖረችው ሴት፣ ተመለሰችልሽ ስትባል ተቀየመች። ምንም አልጎደላትም አሏት። ያኔ ቅያሜው ወርዶ ከሥሩ ያለው ወጣ። ሹራቡን በሁለት እጇ ጨብጣ እንዲህ አለች፦

“እማሆዬ፣ ይዣት ብመለስ ይሞቱብኛል። እሷም፣ እነሱም።”

ሲስተር ማርታ ብዙ አልተከራከሯትም። እናቴን በክርክር የረታት ሰው እንደሌለ ገና በመጀመሪያው ቀን የገባቸው ይመስለኛል። ‘አመጣለሁ ብለሽ ተሳልሽ፣ አመጣሽ፤ ስለትሽ ደርሷል። ሐናን ካህኑ መርቆ ነው የሸኛት፣ ሌሎች ልጆችም ወልዳ አሳድጋለች፤ ነይ እኔም ልመርቅሽ’ አሏት። እኛ ዘንድ ምርቃት የተሰጠበት ነገር አለቀ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ የሚመዘዝ ነገር የለም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተንበረከከች፤ እኔም ከጎኗ።

“ስለትሽ ይድረስ።”

“አሜን።”

“የሰጠሽው ይባረክ፣ የተመለሰልሽም ይባረክ። ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ ይቅበሩሽ።”

በዚህኛው ላይ እናቴ አሜንን ሦስቴ ደጋገመችው። ልጅ የቀበረች እናት ልጆችሽ ይቅበሩሽ ስትባል ምን እንደሚሰማት ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል።

ሲስተር ማርታ ቅቤውንና ማሩን ተቀበሉ። ቆጮውን ግን እዚህ የሚበላው የለም ብለው መለሱት፤ ከላዩ ከአትክልቱ ቦታ ጎመንና ድንች ጨምረው ትልቅ ሸክም አደረጉት። ከግቢው ወጣን። እናቴ ሹራቡን ወረወረችልኝና ለበስኩት። እንደ ልማዴ ባዶ እጄን ከኋላዋ ልከተል ስል ቆመች። ዞራ አየችኝ። ሸክሙን መሬት ላይ አወረደችው።

“ምን ይገትርሻል?” አለችኝ። “እናትሽ ስትሸከም ቆመሽ ታያለሽ? ነይ ተሸከሚ።”

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን መቆጣቷ ነበር። ጎንበስ አልኩ፤ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ፣ ገመዱንም ጠበቅ አደረገችው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ ገመዱ ትከሻዬን ላጠው፣ እናቴ ከኋላዬ ቶሎ ቶሎ በይ እያለች ትነዘንዘኛለች። እኔም ሳታየኝ እየሳቅሁ ሄድኩ። በዚያው ሳምንት እንሰት ስፍቅ እጄ ተላጠ፤ ለወንድሞቼ እየዞርኩ አሳየኋቸው።

ሚኒባሱ አገና ደርሶ ነበር ይህን ስጨርስ። ዘሀራ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ከበርበሬው ይሁን ከወሬው አላውቅም።

“ወላሂ፣ እናትየዋ ደህና ሆነች በሉኛ” አለችኝ።

ደህና ሆነች አልኳት። አገና ላይ ቅቤ መነገድ ስጀምር ዋጋ ታስወድጃለሽ ብላ ተቆጣችኝ፣ ወልቂጤ ሱቅ ስከፍት ሩቅ ነው ብላ ተቆጣችኝ፣ ስወልድ ልጅ አያያዝ አታውቂም ብላ ተቆጣችኝ። በስተርጅናዋ ዓይኗ ሲደክም እንኳ በኮቴዬ ለይታ አረፈድሽ ትለኝ ነበር። የቀበርናትም ሦስታችን ነን፣ እንደተመረቀችው።

ሹፌሩ ስብከቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ሰባኪው ስትጠሩ ትሰማላችሁ ወይ እያለ ይጠይቃል። መስማት የሚገባው ይስማ፤ እኔ አልቃወምም። ግን አንድ ሰው ሲጠራ ስንት አልጋቸው ውስጥ የቀሩ አሉ፣ ማንም ያልጠራቸው፣ ነግቶም እንሰታቸውን የሚፍቁ፣ ገበያቸውን የሚወጡ። ለነሱም አንድ ደግ ሽማግሌ አይጥፋ እላለሁ።

ወልቂጤ ስንደርስ ዘሀራ ማዳበሪያዋን ለማውረድ ረዳቱን ስትጣራ፣ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። ኧረ እርስዎ ይተዉ፣ በዚህ እድሜዎ አለችኝ። አልተውኩም።