ያወጣሁላት ስም

በዚህ ሳምንት አንደኛ ክፍሎቼን የማስተምረው የ«በ»ን ቤት ነው፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ። ከዚህ የቀለለ ሳምንት የለም። ልጆቹ በግ፣ ቡና፣ ቤት እያሉ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ፤ እኔም የደብረ ታቦር የጠዋት ቆፈን ጣቴን እስኪለቀው ጠመኔውን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ እጽፋለሁ። ደህና ሳምንት መሆን ነበረበት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፍ ስላነሰን አንዱን ለሦስት ነው የማድለው። ሰኞ ዕለት ከኋላ ያሉት ሦስት ሴቶች ልጆች መጽሐፋቸውን ዴስኩ ላይ ዘረጉ። አንዷ ከከተማው ዳር ካለ የገጠር ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ የቄስ ልጅ ናት። ተነሥታ ዴስኩን ዞረችና ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ከጓደኞቿ ማዶ ተንበረከከች። «ቦታሽ ግቢ» አልኳት። ገባች። ዞር ብዬ ስጽፍ ተመልሳ ወጣች። ሁለተኛ ስቆጣት ደግሞ ገባችና መጽሐፉን ላይ ታች አድርጋ ገለበጠችው። «ቲቸር፣ ገለበጠችብን!» አሉ ሁለቱ።

ወደ ሰሌዳው ጠራኋትና በትሬን «በ» ላይ አሳርፌ «ይሄ ማን ነው?» አልኳት።

«ሀ» አለች፣ ቅንጣት ሳትጠራጠር።

ቶሎ የምገነፍል ሰው ነኝ፤ ስናደድ ደግሞ አፌ ቀልድ ይወዳል። «አያችሁልኝ ይህችን ግልብጤ!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መጀመሪያ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ወደ ቦታዋ ሄደች። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቃል አልወጣትም። ረቡዕ ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ እሷን አስከትለው መጡ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወንበር ሰጠኋቸው።

«መምህርት፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ ትምርት አይገባኝም ብላ እምቢ አለችኝ። እንግዲህ ካልሆነላት እናቷን ታግዝ፤ ስሟን ይሰርዙልኝ ልል ነው የመጣሁ።»

«አባ፣ ‹ሀ›ን ከ‹በ› እንኳ አትለይም እኮ» አልኩ። ያን ጊዜም ጥፋቱ የእሷ ነበር የመሰለኝ።

«እንዴት አትለይ? ዳዊት ታነብ የለ!» አሉና ከትከሻቸው ካነገቱት ማኅደር መጽሐፉን አውጥተው ፊታቸው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ልጅቱ ማንም ሳያዛት ከማዶ ሄዳ ቆመች። ከእሷ በኩል ፊደሉ ሁሉ ተዘቅዝቋል፤ «በ» «ሀ»ን ይመስላል። እሷ ግን ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከታች ወደ ላይ እየነዳች ገጹን ሳትደነቃቀፍ ጨረሰችው።

«አንድ ዳዊት ነው ያለን» አሉ አባቷ። «ወንዶቹን ልጆቼን ግራና ቀኜ አድርጌ ንባብ ሳስቀጽል እሷ ማዶ ነበር የምትቀመጥ። እኔስ ትጫወታለች ብዬ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያገሩ ልጅ ነኝ፤ ወንድሞቼም የተማሩት በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ተኮልኩለው ነው። ከማዶ የሚቀመጥ ልጅ ፊደሉን ዘቅዝቆ እንደሚለምድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሴት ልጅ ዳዊት ታነባለች ብዬ ስላላሰብኩ ነው እንጂ፣ ወንድ ቢሆን ኖሮ ገና ዴስኩን ሲዞር ይገባኝ ነበር። ይህ ነው አሁንም ዕረፍት የሚነሣኝ።

ሰኞ ምን እንዳልኳት ለአባቷ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዳዊቱን አጥፈው ወደ ማኅደሩ መለሱት።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መምህርት» አሉ በመጨረሻ። «ይቅርታውን እኔን ሳይሆን እሷን ይጠይቋት። ስሟን ማሰረዙን ትቼዋለሁ፤ ትማር።»

ዛሬ ዓርብ በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከሁላችሁም በላይ ማንበብ የምትችለው እሷ ናት» አልኩ። ቀስ በቀስ አቃንታ ማየት እስክትለምድ ድረስ ከማዶ እንድትቀመጥ ፈቀድኩላት። የ«በ»ን ገጽ ከዚያ ሆና አነበበች። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሷም ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በቃ ተስተካከለ ብዬ ልቤ ቀለል አለኝ።

የዕረፍት ደወል ተደውሎ ሲሮጡ፣ ሻርፗን ዴስኩ ላይ ረስታው አየሁና በር ላይ ቆሜ በስሟ ጠራኋት። አልዞረችም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ፤ ሜዳውን እያቋረጠች ሄደች።

አጠገቤ የነበረች የዴስክ ጓደኛዋ ልትረዳኝ ብላ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች፤ «ግልብጤ!»

«ወዬ!» አለች፣ ወዲያው ዞር ብላ።

በአምስት ቀን ውስጥ ለምዳዋለች።