ቱቦ አዳማጩ

«ያለፈው ወር የልብ መድኃኒት ክሪስታሉ ተለውጧል፤ ሆድ ውስጥ አይሟሟም» ሲባል የሰማው ጓንቱን እያጠለቀ ነበር።

በመድኃኒት ፋብሪካው ሥራው፣ መድኃኒቱ በፈሳሽነት ገብቶ ሳያቋርጥ እየፈሰሰ ክሪስታል ሆኖ የሚወጣበትን የመስታወት ቱቦ መጠበቅ ነው። ቱቦውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ስለሚያዳምጥ «ሐኪሙ» ይሉታል። ዛሬ ቱቦው ሊታጠብ ቆሟል፤ እሱም እጅጌውን፣ ጆሮውን፣ ቅንድቡን ሳይቀር ይጠራርጋል።

«ኧረ ሐኪሙ፣ ቆዳህን ልትልጠው ነው እንዴ?» አለው ባልደረባው።

«አንዲት ጠማማ የክሪስታል ቅንጣት ላዬ ላይ ከቀረች አዲሱንም መድኃኒት ታጣምመዋለች» አለ፤ አልሳቀም።

ያንን መድኃኒት ለእህቱ የወሰደላት እሱ ነው። ጠዋት «ወንድምዬ፣ ደረቴን ከበደኝ» ብትለው፣ «ኪኒንሽን ዋጪ፣ ይለቅሻል» ብሏት ወጥቷል። ስልኩን ያወጣል፤ ጠርቶ ጠርቶ እንዳይቀርበት ይፈራና ኪሱ ይመልሰዋል።

ቱቦው ታጥቧል። ለእህቱ ገና አልደወለም።