የቃሓውታው ሻምፒዮን

ዓንደማርያም የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እሱን ከጠየቃችሁት ግን የቃሓውታ ሰፈር የቴኒስ ሻምፒዮን ነው። ራኬት ጨብጦ አያውቅም። ሮማ የሚኖር ወንድሙ በደርግ ጊዜ የላከለት፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ሣጥን ግን ነበረው። ሣጥኑ ሁለት ማዞሪያ አለው፤ ስታዞሩት በጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ ዱላ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ነጭ ኳስ ይመልሳል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው። ሰውየው ግን «መሪ የለመደ እጅ እኮ ነው!» እያለ መዳፉን ያሳየን ነበር።

ተሸንፎ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ይሸነፍለታል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሻሂ ይጋብዛል፣ ደግሞም ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን በካርታ ጨዋታ አይተናል። ጃኬቱን አንስቶ፣ በሩን አላትሞ፣ ንዴቱ እስኪበርድለት ከተማውን ሲዞር ያመሻል። ሚስቱ ርግበ ደግሞ በየቀኑ ትሸነፍለታለች። ኳሷ አፍንጫዋ ሥር ስታልፍ «ወይለይ፣ አመለጠችኝ!» ትላለች። እሱም «እጅሽ ለወጥ እንጂ ለስፖርት አልተፈጠረም» ብሎ ያዝንላታል። እኔ ብሆን ሣጥኑን በመስኮት እወረውረው ነበር።

ደርግ ወድቆ ነጻነት መጣና የእህቱ ልጅ ወጋሕታ ከትግል ሜዳ ተመለሰች። ታጋይ ናት፤ አዛዡም ተራውም ከአንድ ሳህን የሚበላበት ቦታ ያደገች ልጅ ለሽማግሌ መሸነፍ የሚባል ነገር ከየት ትማር? ዓንደማርያም ይህን አላሰበም። እኛን ሰብስቦ ግጥሚያ ጋበዛት።

«ኣኮ፣ ይሄን ማዞር ብቻ ነው?» አለች አጎቷን።

ሻሂው ሳይቀዘቅዝ አሸነፈችው። «እንደገና!» አለ። እንደገና ተሸነፈ። «ማዞሪያዬ ላልቷል» አለ። ቦታ ተቀያየሩ፤ በደህናውም ተሸነፈ። እኛ ጣራ ጣራውን እናያለን።

«ሌላ ቦታ ተለማምደሻል!»

«ኣይፋልን፣ ኣኮ፣ አልተለማመድኩም። አንተ ነህ የምትዘገየው። እነዚህ ሰዎች ይሸነፉልሃል እንዴ?»

ዓንደማርያም ወደ እኛ ዞረ፤ ሁላችንም ሻሂያችን ላይ አቀረቀርን። ወደ ርግበ ዞረ።

«አንቺም? ነዪ፣ ተቀመጪ! ከልብሽ ተጫወቺ!»

ርግበ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች። ምን ልበላችሁ! በሁለት ጣት ነካ ስታደርገው ዱላው ኳሷን ቀድሞ ይጠብቃታል። አንዲት ነጥብ እንኳ አልሰጠችውም።

ሰውየው ጃኬቱን አነሳ። «ያን ሁሉ ዓመት ስታሾፊብኝ ኖርሽ!»

«እወ» አለች። «ስትሸነፍ ትወጣለህ። ውጭ ደግሞ ሰዓት እላፊ ነበር። ደበሳይ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ቀረ አይደል? ስታሸንፍ ግን ‹አንድ ጨዋታ እንጨምር› ትላለህ፤ ትቀመጣለህ።»

ሊያመልጠን የነበረው ሳቅ ጠፋ። ደበሳይ የሁላችንም ጎረቤት ነበር። እኔ ጠባዩን ፈርታ መስሎኝ ነበር፤ አንጀቴን በላችው። እንኳን ሣጥኑን አልወረወረችው።

ዓንደማርያም ጃኬቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ዛሬስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ዛሬማ መንገዱ ሰላም ነው። ከፈለግህ ውጣ።»

ጃኬቱን መልሶ ሰቀለና አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንድ ጨዋታ እንጨምር» አላት።

ጨመሩ። ተሸነፈ፤ አልወጣም።